እርፍ የጨበጥኩበት መስከረም

አባቴ ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ያለ ነበር። ሲሄድ ያዘመመ ይመስላል። በየማለዳው ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ወደ ማሳ እየወረደ፣ ማታም ተሸክሞ እየተመለሰ ነው እንደዚያ የሆነው። በልጅነቴ የአባት ሁሉ ትከሻ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ከመርሳ ወደ ግራና ሲኬድ ባለው በእኛ ሜዳ እውነትም እንደዚያው ነበር።

የእናቴ ደግሞ ጉልበቷ ነው። ጤፍ የሚታረመው ተንበርክኮ ነው። ነሐሴ ላይ ጥቁሩ አፈር ውሃ ጠጥቶ እንደ ሊጥ ሲላቆጥ፣ ሴቶች ተሰልፈን በጉልበታችን እየዳኽን አረም እንነቅላለን። ክረምቱ ሲወጣ የጉልበታችን ቆዳ እንደ ተረከዝ ደድሮ ይገኛል። እናቴ እኔን የወለደችኝ ከማሽላ ኩትኳቶ ተነሥታ ማሳው ዳር ካለ ግራር ሥር ነው። እትብቴ የተቆረጠው በማጭድ እንደሆነ እየሳቀች ትነግረኝ ነበር።

ሴት የማትሠራው የእርሻ ሥራ አልነበረም፤ ከአንድ ነገር በቀር። እርፍ አትጨብጥም። ሴት እርፍ ከጨበጠች ዝናብ ይቀራል ይባል ነበር። አንድ ቀን አባቴ ለዙህር ሶላት ውዱእ ሊያደርግ ወደ ወንዙ ሲወርድ፣ በሬዎቹ እንደተጠመዱ ቆመው ነበርና ሄጄ እርፉን ያዝኩት። መግፋቴም አይደለም፤ ያዝኩት ብቻ። ሲመለስ አየኝና በያዘው ጅራፍ ጀርባዬን ሸነቆጠኝ። ከዚያ በኋላ ባል እስካገባ ድረስ ወደ ተጠመደ በሬ አልተጠጋሁም።

የተዳርኩት እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ባሌ ጠንካራ ገበሬ ነበር፤ ከእሱ የሚበልጥ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የባሌ ባልንጀራ። ክርስቲያን ነው፤ ቤቱ ከእኛ ሜዳ በላይ ካለው ተረተር ላይ ነው። ሁለቱ ከጉርምስናቸው ጀምሮ ደቦ አብረው ይወጣሉ። አጨዳ ሲደርስ እሱ የሰፈሩን ጎልማሶች አስከትሎ ይወርዳል፤ የላይኛው አዝመራ ሲደርስ ደግሞ የእኛዎቹ ይወጣሉ። እሱ ቤት ደቦ ሲኖር ለእኛዎቹ የሚታረደው በግ ለብቻው በእስላም እጅ ይታረዳል፣ ወጡም ለብቻው ይሠራል። እሱ ራሱ እየዞረ “የእስላሙ ድስት እንዳይደባለቅ!” እያለ ሴቶቹን ሲያስጨንቅ ይውላል።

ይህ ሰው ሲያርስ በሬዎቹን እንደ ሰነፍ አማች ይሰድባቸው ነበር። “እህቴን ሰጥቼህ፣ ገብስ አብልቼህ፣ አሁን ትልም ላይ ትተኛብኛለህ?” ይላል። ከማዶ የምናርም ሴቶች በሳቅ እንወድቃለን።

ያ ጉልበት ሁሉ ቀስ እያለ ሲቀልል አይቻለሁ። መጀመሪያ የጤፉን አረም የሚያደርቅ መድኃኒት መጣ። ባሌ መርጫውን በጀርባው አዝሎ በግማሽ ቀን የጨረሰውን፣ እኛ ድሮ ሳምንቱን ሙሉ ስንድኽበት የምንከርመው ነበር። ቀጥሎ የውሃ ሞተር ገዛን፤ ከወንዙ እየሳብን ሽንኩርትና ቲማቲም አለማን። በጄሪካን ውሃ ማመላለስ ቀረ። ከዚያ ደግሞ የኪራይ ትራክተር መጣ፤ ቆየት ብሎም በአውድማ ፈንታ ማሽላ የሚፈለፍል ማሽን። ምራቴ፣ የልጄ ሚስት፣ ወደ ቤታችን ስትመጣ ጉልበቷ ለስላሳ ነበር። አይቼ ደስ አለኝ። በሬዎቹን ያስቀረናቸው ትራክተር ለማይገባበት ለሽምብራው መሬት ብቻ ነው።

ጦርነቱ የደረሰን ነሐሴ ላይ ነው። በወልድያ በኩል ለቀናት ሲያጓራ የነበረው ከባድ መሣሪያ ዝም አለ፤ ከዚያ ታጣቂዎች መንገዱን ሞልተው ወረዱ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ። ልጄ ለሥራ ከአገር ርቆ ነበርና መንገዱ ሲዘጋ የት እንዳለ የምናውቅበት አጣን። ወጣት ወንድ የተባለ ሁሉ ወደ ተራራው ወጣ። ቤት የቀረነው ባሌ፣ ምራቴና እኔ ነን።

መጀመሪያ የወሰዱት የውሃ ሞተሩን ነው። ከነቱቦው መኪና ላይ ጫኑት። ባሌ ዝም ብሎ አያቸው። “ብረት ነው፤ አላህ ይተካዋል” አለኝ።

በሬዎቹ ላይ ግን ዝም አላለም።

ያን ቀን የሽምብራውን መሬት ለሁለተኛ ጊዜ እያረሰ ነበር፤ እኔ ከጎን ያለውን ማሽላ አርማለሁ። ጥቂት ታጣቂዎች ከመንገዱ ተገንጥለው በማሳው መሃል መጡ። አንዱ፣ ልጅ እግር ነው፣ “በሬዎቹን ፍታ” አለው።

ባሌ አቆማቸውና ወደ ፊት ሄዶ የቀኙን በሬ አንገት አቀፈ። “ልጆቼ፣ የሚበላ ቤት አለ። ማሽላም አለ፣ ፍየልም አለች፣ ውሰዱ። እነዚህን ተዉልኝ፤ እጄ ናቸው” አለ።

“እጅህ ናቸው?” አለ ያ ልጅ እግሩ። ጠመንጃውን ገልብጦ በሰደፉ የባሌን ክንድ መታው። አንዴ አይደለም። ባሌ የበሬውን አንገት አልለቅ ሲል እዚያው ክንዱ ላይ፣ እዚያው ቦታ ላይ ደጋገመው። አጥንቱ ሲሰበር እኔ ማሽላው ውስጥ ሆኜ ሰምቻለሁ። እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው። ባሌ ሲወድቅ ሌላኛው ታጣቂ የበሬው ጆሮ ሥር ተኮሰ።

በሬው በቀንበሩ እንዳለ ወደቀ። ሲወድቅ ጓደኛውን ይዞት ሄደ፤ የግራው በሬ አንገቱ በቀንበሩ ተጠምዝዞ፣ ጉልበቱ መሬት ነክቶ፣ ዓይኑ ፈጦ ያጓራል። በማጭዴ ማነቂያውን ልበጥስ ሮጥኩ። እንደማይተኩሱብኝ ምንም ዋስትና አልነበረኝም፤ አላሰብኩትም። ጠፍሩን ስቆርጠው በሬው ደንብሮ ረግጦኝ አለፈና ማሽላው ውስጥ ገባ። ታጣቂዎቹ ሳቁ። የወደቀው ይበቃቸው ነበር መሰለኝ፣ አልተከተሉትም።

ቢስሚላህ ያልተባለበትን በሬ እዚያው ገፈፉት። ከዚያ ማገዶ ፈለጉ። ሞፈሩንና ቀንበሩን በባሌ መጥረቢያ ፈልጠው አነደዷቸው። የእርሻ እንጨት ብዙ ዓመት በላብና በዘይት የራሰ ነውና እንዴት እንደሚነድ! ባሌን ጎትቼ ጥላ ሥር አድርጌው፣ ሁለታችንም የበሬአችን ሥጋ በገዛ ቀንበሩ ሲጠበስ አየን። ባሌ የተሰበረ ክንዱን ታቅፎ “አትይ” ይለኛል። እሱ ግን ዓይኑን አልነቀለም።

ወጌሻ መጥቶ ክንዱን በሸንበቆ ጠገነው። የተረፈውን በሬ ደግሞ እኔና ምራቴ ማሽላው መሃል ደበቅነው። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ አድጎ ነበርና አይታይም። እንዳያጓራ አፉን በገመድ እናስርና፣ ሣር ስናበላው እንፈታለታለን። እንዲህ አድርገን ነሐሴን አሳለፍን።

መስከረም ገባ። ዝናቡ ሲቆም፣ መሬቱ እርጥበቱን ሳይጨርስ ሽምብራ ካልተዘራ አይሆንም። ያለን ሁሉ ተወስዶ ነበር፤ ጤፉን የመኪና መንገድ አድርገውታል፣ ሽንኩርቱ ያለ ውሃ ደርቋል። የሽምብራው ዘር ግን ጎተራው ሥር ተቀብሮ ተርፎ ነበር። ባሌ አንድ እጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ደጃፍ ተቀምጦ መሬቱን ሲያይ ይውላል።

አንድ ማለዳ ባልንጀራው ከተረተሩ ወረደ። ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ፣ አንድ በሬ እየነዳ።

“እንዴት አደራችሁ” አለ፤ መልስም ሳይጠብቅ፣ “የእኔንም አንዱን በልተውብኛል። የአንተ አንዱ አለ ሲሉ ሰማሁ። እንቀናጅ” አለው ባሌን።

“እጄ አልዳነም” አለ ባሌ።

“የእኔ እጅ ደህና ነው። የአንተን ዛሬ፣ የእኔን ነገ። ዘሩን አውጣ።”

“ጋሼ፣ እርስዎስ ሲያርሱ ቢያዩዎት?” አልኩት። ስንጫወት ሁልጊዜ አንቱ ነው የምለው።

“እህቴ፣ ካላረስኩም ይገሉኛል፤ ልዩነቱ ጊዜ ብቻ ነው” ብሎ ሳቀ።

ባሌ በግራ እጁ ዘሩን በተነ። ለእጁ እንግዳ ነበርና ዘሩ አንዱ ጋ ተከመረ፣ ሌላው ጋ ሳሳ። እኔ እየተከተልኩ በእጄ አስተካከልኩት። ባልንጀራው የእኛን በሬና የራሱን ጠምዶ ከላይኛው ጫፍ ጀመረ። በሬዎቹ አይተዋወቁም፤ አንዱ ሲጎትት ሌላው ያፈገፍጋል። እሱ እንደ ልማዱ መሳደብ ጀመረ። “አንተ የቆላ ሰነፍ! ማሽላ ውስጥ ተደብቀህ ስትቀለብ ከርመህ!” ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ባሌ ሲስቅ አየሁት።

ግማሹን አርሶ ነበር የመጀመሪያው መድፍ ሲወድቅ። ራቅ ያለ ነው፤ ከማንጎ ዛፎቹ ወዲያ። አፈሩ ተነሣ፣ ወፎቹ ተነሡ። ከየትኛው ወገን እንደተተኮሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለቱም በላያችን ይተኳኮሱ ነበር።

“ተወው፣ ና!” ብሎ ጮኸ ባሌ።

“ይቺን ትልም ላድርሳት!” አለ ባልንጀራው።

ቀጣዩን ድምፅ አልሰማሁትም። መሬቱ ከሥሬ ሲነሣ ብቻ ነው የማውቀው። ፊቴን ስጠርግ አፌም ጆሮዬም አፈር ሞልቶታል። ባሌ ተነሥቶ እየሮጠ ነው። ባልንጀራው ትልሙ ላይ በጎኑ ተኝቷል፤ በሬዎቹ ሞፈሩን እየጎተቱ ወደ ወንዙ ሸሽተዋል። ሆዱ ተከፍቷል። በሁለት እጁ ይዞታል፤ ግን በእጅ የሚያዝ አልነበረም። ነጠላዬን አውልቄ ጠቀጠቅኩበት፤ ወዲያው ራሰ። እጄ ውስጡ ገባ፤ ሙቀቱ ዛሬም መዳፌ ላይ አለ።

“በሬዎቹስ?” አለን።

“አሉ፤ ደህና ናቸው” አለው ባሌ። እያለቀሰ ነው።

“ፍቷቸው። ይጠማቸዋል” አለ። ትንሽ እንደቆየ ትንፋሹ ቀረ። ባሌ “ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን” አለና፣ ደግሞ ወዳጁ ክርስቲያን መሆኑን አስታወሰ መሰለኝ፣ በደህናው እጁ ዓይኑን ከደነለትና “እግዜር ነፍሱን ይማር” አለ።

ሬሳ መሸከም የወንድ ሥራ ነበር። ወንድ ግን አልነበረም። እኔ፣ ምራቴና ሁለት የጎረቤት ሴቶች በጠፍር አልጋ ተሸከምነው፤ ባሌ በደህና ጎኑ ከኋላ ይደግፋል። ዳገቱን ስንወጣ ደሙ በጠፍሩ እየተንጠባጠበ ጀርባዬ ላይ ይወርዳል። ከባድ ሰው ነበር። የአልጋው እግር ትከሻዬን ላጠው።

ሚስቱ ከደጃፏ ሆና አየችን። ስትጮህ አልጋውን አውርደን ሮጬ አፏን ያዝኩት። ታጣቂዎቹ ከተረተሩ ጫፍ ሰፍረው ነበር፤ ጩኸት ከሰሙ ተራራው ላይ የተደበቁት ወንዶች ለቀብር ይወርዳሉ ብለው ሊጠብቁ ይችላሉ። ሴትየዋ መቀነቷን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተች፤ ነክሳው እየተንቀጠቀጠች ባሏን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ተከተለች። አንድ ሽማግሌ ቄስ ፍታቱን በሹክሹክታ አደረሱ። ጉድጓዱን የቆፈርነው ሴቶቹ ነን።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ማሳው ወረድኩ። ርግቦች ዘራችን ላይ አርፈው ይለቅማሉ። ግማሹ ማሳ ዘሩ እንደተበተነ፣ አፈር ሳይለብስ ተኝቷል። ያችን ዘር ርግብ ከጨረሳት በሚቀጥለው ዓመት የምንበላው የለንም። ሟቹም የሞተው በከንቱ ይሆናል። እንዲህ ብዬ ተረጋግቼ አላሰብኩም፤ ተናድጄ ነበር።

በሬዎቹን ምራቴ ከወንዙ ዳር አግኝታቸዋለች። የእኛ በሬ ታፋው ላይ ፍንጣሪ መቶት ያነክሳል፤ ግን ይሄዳል።

“ጥመጂልኝ” አልኳት።

“እማ፣ ማን ሊያርስ?”

“እኔ።”

አየችኝ። ከዚያ ቀንበሩን አነሣች። እሷ ከፊት ሆና በሬዎቹን ትስባለች፣ እኔ ከኋላ እርፉን ጨበጥኩ። የሟቹ ደም እንጨቱ ላይ ደርቆ ነበር። ማረሻው አንዴ ጠልቆ ይቀረቀርና እርፉ ደረቴን ይመታኛል፤ አንዴ ይንሳፈፍና በሬዎቹ ይዘውኝ ይሮጣሉ። ትልሜ እባብ የሄደበት ይመስላል። ባሌ ከቤት ወጥቶ አየን። ክንዱን ታቅፎ ይመጣል፤ ሊቆጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

“አትግፊው!” ብሎ ጮኸ። “ጫን በይው! በክብደትሽ ጫኚው እንጂ አትግፊው! ድንጋይ ሲሰማሽ ወደ ራስሽ አጋድዪው!”

እንዲህ እየጮኸ ከጎኔ ሄደ። ጸሐይዋ ከፍ ስትል ታጣቂዎች በመንገዱ አለፉ። አንዱ ቆሞ አየንና ወደ ጓደኞቹ ዞሮ አንድ ነገር አላቸው። ሳቁ። ከዚያ ጠመንጃውን አነሣና ከበሬዎቹ ፊት ያለውን አፈር መታው። ምራቴ መሬት ላይ ተደፋች። በሬዎቹ ደነበሩ፤ እኔ እርፉን አልለቀቅኩም፣ ተጎተትኩ፣ ጉልበቴ ተላጠ፤ ግን አልለቀቅኩም። ደግሞ ይተኩሳል ብዬ ጀርባዬን ሰጥቼ ጠበቅኩ። አልተኮሰም። መንገዳቸውን ቀጠሉ።

“ተነሺ ልጄ” አልኳት ምራቴን። ተነሣች። ዘሩን ሸፍነን ጨረስን።

ኅዳር ላይ ማሽላው ደረሰ። የሚፈለፍለው ማሽን የለም፤ ናፍጣም የለም፤ በሬ አውድማ ላይ ማስገባትም ታይቶ መነጠቅ ነው። ማሽላውን በጥቂት በጥቂቱ እየቆረጥን ቤት ውስጥ በዱላ ወቃነው። አንድ ቀን ምራቴ ስትወቃ ዱላዋ ተሰበረ። ሌላ አላነሣችም። በቡጢዋ መምታቷን ቀጠለች፤ እጇ ተልጦ ማሽላው እስኪቀላ ድረስ። “ያለበትን እንኳ አላውቅም! መሞቱን እንኳ አላውቅም!” ትላለች። ልጄን ነው። ከኋላ አቅፌ እስክትደክም ያዝኳት። ያን የቀላውን ማሽላ ለይተን አልጣልነውም። አጥበን በላነው።

ታኅሣሥ ላይ ታጣቂዎቹ ለቀው ሄዱ። ልጄ በሕይወት ነበር፤ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ መጣ። ምራቴ ስታየው አልሮጠችም፤ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

ሽምብራው ያማረ ነበር። ጥር ላይ ነቅለን ስንወቃው፣ ግማሹን በአህያ ጭኜ የሟቹን በሬ እየነዳሁ ወደ ተረተሩ ወጣሁ። የባልንጀራው ሚስት ጆንያውን አየችና፣ “ይሄ ምንድን ነው?” አለችኝ።

“የእርስዎ ባለቤት ያረሱት ነው።”

“ያረሰውማ ግማሹን ነው። ሌላውን አንቺ ነሽ ያረስሽው፤ ሰምቻለሁ።” የበሬውን ጀርባ ዳሰሰችና፣ “በሬውን ግን ምን ላድርገው? ወንዶቹ ልጆቼ አልተመለሱም። የሚያርስልኝ የለም” አለችኝ።

የዚያን ዓመት የእሷን መሬት ያረስኩት እኔ ነኝ። የባሌ ክንድ ጠምሞ ነው የገጠመው፤ ለሶላት እጁን ሲያነሣ አንዱ ጆሮው ጋ ይደርሳል፣ ሌላው ደረቱ ላይ ይቀራል። የሁለቱን ቤት መሬት እኔና ምራቴ እየተፈራረቅን አረስን። መንገድ ላይ የሚያልፉ ሽማግሌዎች መጀመሪያ ፊታቸውን አዞሩ። አንዱ ቆመው፣ “ዝናቡን ልታስቀሪብን ነው?” አሉኝ። “አባባ፣ እርስዎ ይያዙልኝ” ብዬ እርፉን ሰጠኋቸው። ሄዱ። ዝናቡም ጣለ፤ እንዲያውም በጣም ጣለ።

በተከታዩ ክረምት እንደገና ከቆቦ በኩል መድፍ ተሰማ። ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ውርጌሳ ሲተም፣ እኔና ምራቴ መጀመሪያ ያደረግነው በሬዎቹን ወደ ተረተሩ ማስወጣትና ሞፈሩን፣ ቀንበሩንና ማረሻውን ከፍግ ክምሩ ሥር መቅበር ነበር። ያን ጊዜ እኛ ጋ አልደረሱም። አሁን ትራክተሩ ተመልሷል፤ የሚፈለፍለው ማሽንም ተመልሷል። ልጄ ሁለት በሬ መቀለብ ለምን እንደሚያስፈልግ ይጠይቀኛል፤ ምራቴ ትመልስለታለች።

የቀበርነውን ስናወጣ ማረሻው ዝጓል፣ ሞፈሩን ደግሞ ምስጥ ጀምሮታል። ባሌ ከወንዙ ዳር ለአዲስ ሞፈር የሚሆን ቀጥ ያለ የወይራ እንጨት መረጠ። በደህናው እጁ ይዞ፣ በእግሩ ረግጦልኝ፣ እኔ በምሳር ጠረብኩት። “እዚህ ጋ አቅጥኚው” ይለኛል። “እዚህ ጋ ግን አትንኪው፤ እንጨቱ ጉልበት የሚያገኘው ከዚህ ነው።” እስከ ዐስር ሶላት፣ ጸሐይዋ እስክታዘቀዝቅ፣ ጠርበን ጨረስነው፤ እርፉ የሚገባበትን ቀዳዳ በማግስቱ በጋለ ብረት በሳነው።